ሸርተቴው ሥር

አሰላሙ አለይኩም እህት ዓለሜ ሙሚና፣ አካም ጅርታ? እኛ ከሚሴ ያለነው አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ የጅዳው ሙቀት ብቻ አንቺን አይጉዳብን።

ጁምዓ ከሰዓት ልጆችሽን ሙናንና ቶፊቅን ሰፈራችን ውስጥ ወዳለው መጫወቻ ወሰድኳቸው። ሰው የለም፣ ጭር ብሏል። ዥዋዥዌው ላይ ሲወጡ ደስ አላቸው። ሸርተቴው ሥር ግን የጫት ገረባ ተከምሮ ዝንብ ወሮታል። የሽንቱ ክርፋት አያስቆምም። አረንጓዴ ትፋት ሸርተቴው ላይ ደርቋል። እኛ ያደግነው ጫት ለዱዓ በንጹሕ ቤት ሲቀርብ እያየን ነው። ልጅ በሚንሸራተትበት ላይ የሚተፋ ምን ዓይነት ሰው ነው? ቱ! ጥንብ ሁላ!

ቶፊቅ ከገረባው መሐል ለመቀመጫ የተነጠፈ ሽርጥ ጎትቶ አወጣ። "ጣለው፣ ይሄን ቆሻሻ!" ብዬ ጮህኩበት። ሙና ግን ተቀብላው አራገፈችና ብብቷ ሥር ከተተችው። ቤት ስንገባ አጣጥፋ የአባቷ ልብስ ላይ አስቀመጠችው። 

የልጆቹ አባት ደኅና ነው፤ ሥራ ስለሚበዛበት አምሽቶ ነው የሚገባው። ሰላም ብሎሻል። ለልጆቹ ጫማ ላኪላቸው። ለኢድ ለአባታቸው እንደላክሽው ያለ ሽርጥ ግን ሁለተኛ አትላኪ፤ ከሚሴም ሞልቷል።

አላህ በሰላም ፊት ለፊት ያገናኘን።

ታናሽሽ ኢልሃም