ሲነኩት የሚቀዘቅዝ አንሶላ

የካቲት 11

መብራት የለም፤ ቬንትሌተሩ ቆሟል። ባሌን ከፈለን አጠብኩ፣ አገላበጥኩ፣ አጥሚት አጠጣሁ። አፉ ስለተጣመመ ግማሹ አገጩ ላይ ቀረ። ከስትሮኩ ወዲህ አይናገርም፣ ቀኝ እጁም አይነሳም። ያ እጅ! ግራ ጆሮዬን ያደነቆረ እጅ... አሁን ዝንብ እንኳ አያባርርም። ሳጥበው ደህና አድርጌ አየዋለሁ።

ዲማ ወርዶ ወርቅ ቁፋሮው ሲቀናው ዘመዱ ብዙ ነበር። አሁን ባሌን የማስታምመው እኔው ብቻ።

መሥሪያ ቤት አዲስ ሳጥን መጥቷል። የአልጋ ልብስ መለኪያ ነው ተባለ። የአልጋ ልብስ ምኑ ይለካል?

የካቲት 13

ቅዝቃዜው ነዋ! ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ፈይሰል ሲያሳየን ዋለ። ድርጅታችን ለጀዊ የስደተኞች ካምፕ በሽተኞች አንሶላ ሊገዛ ነው፤ ከመገዛቱ በፊት ናሙናው ይፈተናል። የመጋዘን ሠራተኛ ስለሆንኩ ጨርቅ የማቀብለው እኔ ነኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። የመዳፍ ያህል የመዳብ ሳህን ከጨርቁ ትንሽ ሞቅ ተደርጎ ላዩ ላይ ዱብ ይላል። ጨርቁ ሙቀቱን ቶሎ ከወሰደበት ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው። ጨርቆቹ ግን አስቀድመው አንድ ክፍል አብረው ማደር አለባቸው። ፀሐይ ላይ የዋለ ከጥላው ጋር አይወዳደርማ።

አንጸባራቂው ናይለን ጥጡን በብዙ በለጠው። እጄን ጣል አደረግኩበት... እውነትም አሁን ከባሮ የወጣ ዓሣ።

"በቃ፣ ይሄ ነው!" አልኩ።

ፈይሰል ሳቀ። "ቆይ እህቴ፣ አትቸኩዪ። ይሄ መሣሪያ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ንክኪ ብቻ ነው። ሰው ደግሞ አንሶላ ነክቶ አይሄድም፣ ይተኛበታል።"

እንደ ሰው የሚያልብ ሌላ መሣሪያ አለ አሉ። እኛ ጋ አልደረሰም።

የካቲት 14

የሚያልበውን መሣሪያ በዘበኛችን በጋትዌች ተካነው። ከምሳ በኋላ ናይለኑ ላይ አጋደምነው፤ ቁመቱ ከፍራሹ አልፎ እግሩ አየር ላይ ቀረ። "ኦ! ጥሩ! ጥሩ!" አለ። ትንሽ ቆይቶ መገላበጥ ጀመረ። ሲነሳ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

"ይሄ አንሶላ ሌባ ነው" አለ። "መጀመሪያ ይስቃል፣ ኋላ ይበላል።"

ጥጡ ላይ ሲተኛ አንኮራፋ። ላቡን ይጠጣል፣ ነፋስ ያሳልፋል። ለጀዊ ጥጡ ይሁን ብዬ ድርቅ አልኩ። ትናንት የወለደች ሴት ላስቲክ ላይ ትቀቀል? ተስማሙ።

ፈይሰል የተረፈውን ናሙና አደለን። "አንቺ በሽተኛ አለሽ፣ ቀድመሽ ምረጪ" አለኝ።

ናይለኑን መረጥኩ።

የካቲት 15

ናይለኑን ለከፈለ ከታች አነጠፍኩለት፣ ከላይም አለበስኩት። ፊቱ ፈካ... እንደ ሕፃን። ሳቄ መጣ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ላቡ ጀመረ። በግንባሩ፣ ከዚያ በአንገቱ። ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ።

"ምነው፣ አልቀዘቀዘህም?" አልኩት።

የካቲት 23

ከጸሎት በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጡ። ሽማግሌው አቶ ኦቹዶ፣ ከመዘምራን ደግሞ አጁሉ። የገባ ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነው፤ በጎን የወረደውን የአንሶላ ጫፍ በመዳፉ ይዳስሳል። ልክ እንደ መሣሪያው! ከሥሩ እጁን የሚሰድድ የለም።

"ኧረ እንዴት ይቀዘቅዛል!" አለች አጁሉ። "ማሚቱ እህቴ፣ አንቺ መልአክ ነሽ።"

ከፈለ "እእ... እእእ..." አለ፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ።

"አየሽ? ሊያመሰግንሽ ነው።"

አሜን አልኩ።

መጋቢት 4

ወገቡ ላይ ቀልቷል። ቅባት ቀባሁት። በሰዓቱ አገላብጠዋለሁ፣ አበላዋለሁ፣ ማንም ምንም አይለኝም። አንሶላውን ግን አልቀየርኩም።

ክፉ ነኝ? ነኝ። ከማን ተማርኩት? የእጁን ነው ያገኘው።

መጋቢት 12

ቁስሉ ተከፈተ። ይሸታል።

ከጤና ጣቢያ የምትመጣው ነርስ ኛይየን አጠበችለት። "ሙቀቱ ነው፤ በዚህ ወር የተኛ ሰው ሁሉ ይቆስላል" አለች። እሷም ጫፉን ዳሰሰች። "አንሶላው ግን ጥሩ ነው።"

ስትመጣ አፉንም ታለማምደዋለች። ዛሬ "ውሃ" አለ። ጥርት አድርጎ። እሷ አጨበጨበች። ሊናገር ነው... መጀመሪያ የሚናገረው ምን እንደሆነ አላጣሁትም።

መጋቢት 21

ተናገረ።

አቶ ኦቹዶ ወንበራቸውን አስጠግተው "ከፈለ ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? አልጋው ይመችሃል?" አሉት። እኔ የውሃ ጆግ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ከፈለ እሳቸውን አላየም። እኔን አየኝ።

"ይመቻል... ቀዝቃዛ ነው... ጥሩ አድርጋ... ይዛኛለች።"

"ቁስሉስ ምንድን ነው?"

"እኔ ነኝ... ራሴ... ስፋተግ።"

ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። የኔ ነው። ዓይኔ አብጦ አቶ ኦቹዶ ምን ሆንሽ ሲሉኝ "በር መታኝ" ያልኩበት ድምፅ። ያን ቀን ከፈለ እዚሁ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አለኝም፣ ትንሽ። እሳቸውን ሸኝቼ ጓሮ ተቀመጥኩ፤ እስኪመሽ ወደ እሱ አልገባሁም።

መጋቢት 22

ናይለኑን ገፍፌ ጣልኩት። ከገበያ የጥጥ አንሶላ አምጥቼ አጥቤ አነጠፍኩለት። ላነሳው እጄን ስዘረጋ በደህናው እጁ ፊቱን ጋረደ።

"ምንም አላደርግህም" አልኩት።

"እሺ... እሺ... አመሰግናለሁ" አለ፣ እየተጣደፈ።

መጋቢት 23

ጠዋት ገባሁ። እጄን ከሥሩ ሰደድኩ። ደረቅ ነው፣ ጠብታ ላብ የለም። ዓይኑ ግን ደም መስሏል። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፤ ቀጥሎ የማደርገውን ሲጠብቅ ነው ያደረው።