የአባታችን ተዝካር ውሃ ሆነ

ይድረስ ከእናቴ ቀጥላ እናት ለሆነችኝ ለእታለም ባንችይርጋ፤

ባለሽበት በቤሩት ሰላምሽ ይብዛ። ጤናሽ እንዴት ነው? የወገብሽ ሕመምስ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽ እሑድ እሑድ ለቅዳሴ ይለቁሻል ወይ? እኛ ማርያም ትመስገን ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው የጎዳን።

እታለም፣ ለአባባ የሙት ዓመት ተዝካር የላክሽው ገንዘብ ደርሶናል። ሁለት ሰንጋ ጥለን አገር እንድናበላ ነበር ያዘዝሽን። ለቀብሩ ስላልደረስሽ በድግሱ እንባሽን ልታብሽ እንዳሰብሽ አውቃለሁ። ግን እንዳልሽው አላደረግንም፤ አንብበሽ ሳትጨርሺ አትቆጪን።

በጥር ወር ነፍሰ ጡሯ ጎረቤታችን ገለቴ ከወንዝ ውሃ አዝላ ስትወጣ ገደሉ ላይ አንሸራተታት። በቃሬዛ ላሊበላ ሐኪም ቤት አደረስናት። እሷ ተረፈች፤ የያዘችው ልጅ ግን አልተረፈም። እምዬ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

በእሑዱ የቅሬ ዕድራችን ስብሰባ፣ ሴት ተነሥታ መናገር ባልተለመደበት፣ እምዬ ብድግ አለች። «የባሌን ተዝካር አንድ ቀን በልታችሁት ትሄዳላችሁ። የተራራውን ምንጭ በቧንቧ እናውርደውና የልጅ ልጆቻችን ይጠጡት» አለች። አጎታችን ተክለ ሚካኤል ተቆጣ፤ የሰው ድግስ ስንበላ ኖረን በእኛ ተራ ድስታችንን ብንደፋ የሟች ስም ይጠፋል አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። የነፍስ አባታችን መምሬ ወልደ ኪዳን ግን ፍትሐቱ አይጓደል እንጂ የተጠማን ማጠጣትም ምጽዋት ነው ብለው ነገሩን ቋጩት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የእኛ ብቻ መሆኑ ቀረ። ጎረቤታችን ወንዴ የልጁን ሠርግ አሳንሶ ሲሚንቶ ገዛ። ወረዳው ቧንቧና ባለሙያ ሰጠን። ድንጋዩን ሰዉ በደቦ አጋዘ፤ ኩርፊያው ያልበረደለት አጎታችን እንኳ በሦስተኛው ሳምንት አሸዋ በአህያ ጭኖ መጣ።

ቦኖው በተከፈተ ዕለት ፍትሐት ተደርሶ፣ ንፍሮና ጠላ ቀምሰን፣ መምሬ ውሃውን ባረኩት። መጀመሪያ እንድትቀዳ ሁሉም ለገለቴ ለቀቀላት። ሞልታ ስታበቃ «የአያ ደሳለን ነፍስ ይማር» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ሳይል ውሃ ቀድቶ የሚሄድ የለም። እታለም፣ አንቺ ለአንድ ቀን ላክሽ፤ አባባ ግን ማለዳ ማለዳ ስሙ ይጠራል። እጅሽ ይባረክ።

እምዬ ዓይንሽን ሳያሳየኝ አይግደለኝ ትላለች። ባለቤቴ እየሩስ ጉልበትሽን ትስማለች። ልጄ ፀደይ ፊቷን ታጥባ ትምህርት ቤት መሄድ ጀምራለች፤ እሷም ትስምሻለች። አጎታችን ተክለ ሚካኤል ደግሞ፣ በአባትሽ ተዝካር ስላኮረፍኩ ይቅር በይኝ በልልኝ ብሏል።

ወንድምሽ ሙሉሃብት ደሳለ
ላስታ፣ ገነተ ማርያም
ግንቦት 3 ቀን 1998 ዓ.ም.