የሌለብኝ ስለት

መስከረም 29፣ ሐሙስ

ጭጋግ። ቢሮ መብራት የለም፤ ስለዚህ ሥራ የለም። ወሬ ግን አለ። ቬትናም ልንሄድ መሆኑን መካነ ሰላም ሁሉ ሰምቷል። ሙሐመድአሚን ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ፣ "ወላሂ፣ አንተ ቢተው፣ ውሻ ነው የሚያበሉህ። ስትመለስ በሩቁ ነው ሰላም የምንልህ" አለ። ሳቅሁ። ስለ አገሩ ሁለት መጽሐፍ ማንበቤን ነገርኩት።

"መጽሐፍ ወጥ አይሠራልህም።"

የጠራችን ላን የምትባል ቬትናማዊት ናት። ሚስቴ ሙሉሐረግ ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ አብራት የነበረች። "ያባቴ ሙት ዓመት ነው፣ ባልሽን ይዘሽ ነይ" አለቻት። ሙሉሐረግ ሱቋን ለእህቷ አደራ ሰጥታ ተነሣች። እኔ ሻንጣ እሸከማለሁ።

ጥቅምት 4፣ ኒን ቢን፣ ቬትናም

ደረስን። ከተማው ሞተር ሳይክል ነው፤ በመካከሉ ቤቶች አሉ። የላን ቤት ግን ወጣ ብሎ ገጠር፣ ሩዝ ማሳ መካከል። ከማሳው ጀርባ ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የኛ ገደል ወደ ታች ነው፣ የነሱ ወደ ላይ።

ላንና ሙሉሐረግ ተቃቅፈው አለቀሱ። የሚግባቡት በሪያድ የኩሽና ዓረብኛ ነው። የላን እናት እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "እቴቴ" አልኳቸው። ወደዱት መሰለኝ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ምን አደረግሁ?

ሙት ዓመቱ ዛሬ ነበር። እንደኛው ተዝካር... ግን ምግቡ መጀመሪያ የሚቀርበው ለሟቹ ፎቶ ነው። እሱ እስኪበላ ጠበቅን። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። እቴቴ ከሰው ሁሉ አስቀድመው ጠቆር ያለ ሥጋ በቀጫጭን እንጨቶቻቸው አንሥተው ሳህኔ ላይ አኖሩልኝ። በኛ አገር ጉርሻ ነው።

የሙሐመድአሚን ድምፅ መጣብኝ። ሁለቱ መጻሕፍት አልመጡም።

"ጾም ላይ ነኝ" አልኩ።

ሙሉሐረግ አፏ ሥጋ እንደ ሞላ አየችኝ። ላን እሷን ጠየቀቻት፤ "አንቺስ?" ማለቷ ነው። ቶሎ ብዬ፣ "እኔ ብቻ ነኝ። ስለት አለብኝ። እስከ ፋሲካ ሥጋ አይቀምስም በያት" አልኳት።

"የምን ስለት?" አለች፣ በአማርኛ።

"በያት ብቻ።"

አለቻት። እቴቴ ሁለት እጃቸውን ገጥመው ጎንበስ አሉ። ለኔ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ዛሬ እውነተኛው ጾም ነው። ከትናንቱ የሚለየው ማን ነው? እግዜርና ሙሉሐረግ። ሁለቱም አያናግሩኝም።

ጥቅምት 8

እቴቴ በጠዋት ገበያ ወርደው አዲስ ድስት ገዙ። የቤቱ ድስት ሁሉ ሥጋ ነክቷል፤ ለጾመኛው አይሆንም። እናቴም የጾምና የፍስክ ድስት ትለይ ነበር... እንዴት አላሰብኩትም? ከአኩሪ አተር የሚሠሩት አይብ አለ፤ እሱን በእንጉዳይና በቅጠል ሠሩልኝ። ጎረቤት እየመጣ በበሩ አጮልቆ ያየኛል። ባሕታዊ ሆኛለሁ።

ከሰዓት በማሳው ስንዞር ሙሉሐረግ አፏን ፈታች።

"ሪያድ እመቤቲቱ ምግብ ስትከለክለኝ፣ ላን ከራሷ ድርሻ ከፍላ በቀሚሷ ሥር ይዛልኝ ትመጣ ነበር። ምንድን ነው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።"

ጥቂት ተራምዳ ቀጠለች።

"ሥጋው ዳክዬ ነበር። እቴቴ ከጫጩት ያሳደጓት። ሲያርዷት አይቻለሁ፤ አንተ ፎቶ ታነሣ ነበር።"

ጥቅምት 10

ነገ እንሄዳለን። እራት ላይ ቆርጬ ተነሣሁ። እቴቴ የኔን የጾም ሳህን ሲያቀርቡ፣ እጄን ሰድጄ ከነሱ ትሪ ዳክዬ አነሣሁ። በላሁ። ይጣፍጣል... በመጣፈጡም አፈርኩ። ኑዛዜ መሆኑ ነበር፣ በኔ ቤት።

እቴቴ አለቀሱ። የተናገሩት በላን በኩል ለሙሉሐረግ፣ በሙሉሐረግ በኩል ለኔ ደረሰ፦ "እኔን ለማክበር ብሎ ስለቱን አፈረሰ።"

"ስለት የለም በያቸው" አልኳት በሹክሹክታ።

"ዓይናቸውን እያየህ ተናገር። ያኔ እተረጉማለሁ።"

አየኋቸው። እጄን ይዘውታል። አልተናገርኩም።

ጥቅምት 20፣ መካነ ሰላም

"ውሻው እንዴት ነበር?" ሙሐመድአሚን ነው።

"ዳክዬ ነው።" ቀልዱን እንዳበላሸሁበት አየኝ።

ቤት ስገባ ሙሉሐረግ ስልክ ጨርሳ ቆማለች። "ላን ናት። ፋሲካ መቼ እንደሆነ ልትጠይቅ ነው የደወለችው።"

"ፋሲካ ምን ያደርግላታል?"

"እቴቴ ሥጋ ትተዋል። በሳቸው ምክንያት ያፈረስከውን ስለት እየጾሙልህ ነው።"

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ሙሉሐረግ ለምሳ ጥብስ አቀረበችልኝ። ሆን ብላ ነው። ማኘክ አቃተኝ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ደወልን፣ በቪዲዮ። እቴቴ ከስተዋል... ወይስ ለኔ ነው? ዓይናቸውን እያየሁ፣ "ስለት የለብኝም። ዋሽቻለሁ" አልኩ። ሙሉሐረግ በዓረብኛ፣ ላን በቋንቋቸው። ውሸቴ የዚያን ዕለት በአንድ ትንፋሽ ነበር የደረሰው። ይኼኛው መንገድ ላይ ቆየ።

እቴቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ታዲያ ሥጋው ምን መስሎህ ነው?"

"ምን ልበላቸው?" አለች ሙሉሐረግ።

"ውሻ።"

አንድም ሳትቀንስ ነገረቻት። ላን ለእናቷ አደረሰች። እቴቴ ተነሥተው ሄዱ። ስልኩ ላይ ወንበራቸው ብቻ ቀረ። ወንበሩን አየሁ። ረጅም ጊዜ።

ሲመለሱ ነጭ ዳክዬ ታቅፈዋል። ስልኩ ድረስ አስጠጓት። ጮኸችብኝ።

"ሁለተኛ ስትመጣ ራስህ ነህ የምታርዳት ብለዋል" አለች ሙሉሐረግ።

ከዚያ ላን ሳህን አቀበለቻቸው፤ እያዩኝ ሥጋ በሉ። ቀስ ብለው። ፊቴን እንዳላዞር ሙሉሐረግ ክንዴን ይዛኝ ነበር።