ለሄኖክ ያልኩት አዎ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

…መምህራችን «የታመመን ሰው አትከራከሩት» ያለን ቀን ደብተሬ ላይ አስምሬበት ነበር። ቀጥሎ የተናገረውን ግን አልጻፍኩትም።

ዛሬ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ልጃቸው ሄኖክ ዘንድ አስገቡኝ። «ሳይኮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ደርሰሽ የለ? ሐኪም ማለት ነሽ። ሰኞ ዘነበወርቅ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ልወስደው በስንት ልመና እሺ ብሎኛል፤ ብቻ አበርቺልኝ።»

ሄኖክ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ተቀምጧል።

«ስሜን እየጠሩ ነው። ይሰማሻል?»

እንዳልከራከረው ብዬ «አዎ» አልኩት።

ፊቱ በራ። «እማዬ፣ እሷም ትሰማቸዋለች! አላመመኝም ማለት ነው። ሰኞ የትም አልሄድም።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን አልሽው?» አሉኝ እትዬ አስካለ። መምህራችን ቀጥሎ «ግን አዎ ብላችሁም አትስማሙለት» ማለቱ ያኔ ትዝ አለኝ።

ሄኖክ ሁለታችንንም ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ሸኘን። በሩን ዘጋው፤ ከውስጥም ቆለፈው።