ለሰው የማልሰጠው የቢራ ድስት

ውድ እትዬ፣

ትናንት በስልክ «የቢራ ድስቱን ለሚፈልግ ሰው ስጠው፤ እኔ በቃኝ» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ስናደድ እንደምጮህ ታውቂያለሽ፤ አንቺም ጠቅልለሽ በገባሽበት በልጅሽ ቤት ገና እንግዳ ስለሆንሽ መጻፉን መረጥኩ።

ድስቱ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ድስት የምንለው ለአነጋገር እንዲመቸን እንጂ ብቅሉን የሚዘፈዝፈውም፣ የሚያጠልለውም፣ የሚያፈላውም፣ የሚያቀዘቅዘውም ይኸው አንድ የብረት ዕቃ ነው። የሸጠልሽ ሰውዬ «አዝራሩን ተጭኖ መተኛት ነው» ብሎሽ ነበር። አንቺ ግን አንድም ቀን ተኝተሽለት አላየሁም። የተፈጨውን ብቅል በጣቶችሽ ዳብሰሽ፣ ገለባው ሳይደቅ ፍሬው መሰንጠቁን ካላረጋገጥሽ ውሃ አይነካውም። ፓምፑ ድምፁን ሲቀይር ከሌላ ክፍል ሆነሽ ትሰሚዋለሽ። ከፈሳሹ ነጭ ሳህን ላይ ጠብ አድርገሽ አዮዲን ታንጠባጥቢበታለሽ፤ ከጠቆረ የብቅሉ ስታርች ገና ወደ ስኳር አልተለወጠምና ትጠብቂዋለሽ። ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ጥርስ ስትቆፍሪ የኖርሽ ሐኪም ነሽ፤ «ይሆናል» የሚባል ነገር አታውቂም።

ያ ክፉ ጉንፋን ማሽተትን ጨርሶ ሲወስድብሽ፣ መጥመቁን ትተዪዋለሽ ብዬ ነበር። አልተውሽውም። ሆፕስ የሚባለውን መራራ አበባ በመዳፍሽ ጨምቀሽ፣ ሙጫው ሲጣበቅብሽ «አዲስ ነው፣ አልደረቀም» አልሽ። ሰውን እንደዚያን ቀን አድንቄ አላውቅም። በፊትሽ ብናገረው ትስቂብኝ ነበር።

ልጅሽና ባሏ ሊጠይቁሽ የመጡበትን እሁድ አስታውሺ። ሳታሸቺ የጠመቅሽውን ቢራ ለሁላችንም ቀዳሽ። አማችሽ «እማዬ፣ ይሄማ ከገበያው ይበልጣል» አለ። ልጅሽም «እጅሽ ይባረክ» አለች። ብርጭቋቸው ግን አልጎደለም። አንቺ ወደ እኔ ዞርሽ።

«አንተስ፣ ነገረኛው?»

«በቆሎ ይሸታል» አልኩሽ።

ልጅሽ ጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። «ጋሼ፣ ምናለ ዛሬን እንኳ ብትተዋት።»

አንቺ ወንበርሽን አስጠጋሽ። «ጥሬ በቆሎ ነው የተቀቀለ?»

«የተቀቀለ። እንዲያውም የተቀቀለበት ውሃ።»

«በል ገባኝ። ከድኜ ነው ያፈላሁት። ከእንፋሎቱ ጋር መውጣት የነበረበትን ሽታ ክዳኑን ገጥሜ መለስኩት።» ከዚያ ሳቅሽ። ከታመምሽ ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ ሰምቼ አላውቅም። ወደ አማችሽም ዞረሽ «እናንተ እንደ ፈሪ በሽተኛ አፋችሁን ዘግታችሁ 'ምንም አያመኝም' ትሉኛላችሁ። የታመመውን ጥርስ እንዴት አድርጌ ልንቀለው?» አልሽው። ምስኪኑ ጆሮው ቀላ። በሚቀጥለው ጊዜ ክዳኑን ከፍተሽ አፈላሽው፤ አማችሽም ሳይለመን ደገመ።

ትናንት ግን ዝም ከማለቴ በፊት ለምን እንደምታቆሚ ስጠይቅሽ «እዚህ ሁሉም እያዘኑልኝ ነው የሚጠጡት» አልሽኝ። ከዚህ ይዘሽው የሄድሽውን ቢራ እየቀመሱ አዲሶቹ ጎረቤቶችሽ «ግሩም ነው» እያሉ እርስ በርስ ሲጠቃቀሱ አየሻቸው። እንግዲህ ያናደደኝ ይሄ ነው። ደግነታቸው ከጉንፋኑ የባሰ ጎዳሽ፤ አንዱ እንኳ ደፍሮ «ትንሽ መረረኝ» ቢልሽ ኖሮ እስካሁን ምክንያቱን ስትፈልጊ ነበር።

እኔ የመሥሪያ ቤቱን ቃለ ጉባኤ እስከ ነጠላ ሰረዙ እያረምኩ፣ ባልደረቦቼ በሩቁ ሲያዩኝ መንገድ የሚቀይሩብኝ ሰው ነኝ። ለዚህ ምላስ ወንበር ስቦ «ተቀመጥ፣ ንገረኝ» ያለው ያንቺ ቤት ብቻ ነው። አንቺ የእኔን አፍንጫ ትፈልጊያለሽ፤ እኔም የሚፈልገኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ድስቱን ለማንም አልሰጥም። ቅዳሜ መኪናዬ ላይ ጭኜው፣ ብቅሉንም አስፈጭቼ እመጣለሁ። አፈጫጨቱን እንደምትነቅፊው አውቃለሁ፤ ንቀፊው። አማችሽ እንፋሎቱ እንዲወጣ መስኮት ያለው ቦታ ያዘጋጅ። አንቺ ጥመቂ፣ ጎረቤቶችሽ ያመስግኑ፣ እኔ እውነቱን እነግርሻለሁ።

የማያዝንልሽ ወንድምሽ