መጨረሻውን የቀየርኩብህ ፊልም

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሞላ። ለመጻፍ ይህን ያህል የቆየሁት ረስቼህ አይደለም፤ የምነግርህ ነገር ስለከበደኝ ነው።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ካርቲየ 3 ሰፈር ያለውን የጨርቅ ሱቅህን ለየመናዊው ጎረቤትህ ለቀቅኩለት። ጨርቁን አውጥቶ አሁን የስልክ ቀፎ ይሸጥበታል። እኔ ካርቲየ 5 እዚያው ቤታችን ነኝ፤ እንደ ድሮው ጠዋት ወደብ እሄዳለሁ፣ የኮንቴይነር ወረቀት ስሞላ እውላለሁ። ቴሌቪዥኑን ግን ከሞትክ ወዲህ አልከፈትኩትም። አርብ ከሰዓት ሲሆን ቤቱ ይጨንቀኛል።

አርብ የፊልም ቀናችን ነበር። ከጁምዓ ስትመለስ ሽርጥህን አገልድመህ ፍራሹ ላይ ትቀመጣለህ፤ እኔና ወንድሜ ሙኒር ግራና ቀኝህ። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደግከን በፊልም ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። አስተያየትህ ደግሞ ማብቂያ አልነበረውም። የህንድ ፊልም ዘፈኑ ከተቆረጠ ሬሳ ነው ትል ነበር። የአሜሪካኖቹን ድብድብ ታያለህ እንጂ አታከብረውም፤ «ይሄ ሁሉ መኪና ሲቃጠል ለሹፌሮቹ የሚያለቅስ አንድ ሰው ይጥፋ?» እያልክ ትናደዳለህ። የአዲስ አበባዎቹ የፍቅር ፊልሞች ያስቁሃል፤ ሁሉም ሰው ቪላ ውስጥ ይኖራል፣ ሥራ የሚገባ ግን የለም። የግብፅን ጥቁርና ነጭ ፊልም ስታይ ብቻ ነበር ቃል የማይወጣህ። እኔ የድሮዎቹ ይረዝማሉ፣ ልቅሶም ያበዛሉ እያልኩ እሟገትሃለሁ። ሙኒር ደግሞ ሁልጊዜ የሚበልጠው ክፉውን ሰው የሚጫወተው ነው ይላል። እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነበርክ። «ጥሩ ሰው መስሎ መጫወት ማንም ይችላል፤ እያስፈራ የሚያሳዝን ነው ተዋናይ» ትለን ነበር።

ከዚያ የስኳር በሽታው ዓይንህን ወሰደው። ሱቁ ተዘጋ፣ ቴሌቪዥኑም ተዘጋ። አንድ ዓመት ያህል ስለ ፊልም ማውራት እንኳ አስጠላህ። አንድ አርብ ግን በድንገት «ፈቲያ፣ ክፈቺው። አንቺ እያየሽ ንገሪኝ፣ እኔ እሰማለሁ» አልከኝ። መጀመሪያ ላይ አልቻልኩበትም ነበር። «መታው፣ ወደቀ፣ ሄደ» ስልህ «እሱን በድምፁም አውቄዋለሁ፤ ፊቱ ምን ይመስላል?» እያልክ አስተማርከኝ።

ሙኒር የሄደው በዚያው ሰሞን ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ደክሞታል። ከኢትዮጵያ ከሚመጡት ልጆች ጋር ከኦቦክ ወደብ በጀልባ ተነስቼ፣ የመንን አቋርጬ ሳዑዲ እገባለሁ አለ። ለመንከው። እጅህን ስሞ ወጣ።

በዘጠነኛው ቀን አብሮት የተሳፈረ ልጅ ቢሮ ደወለልኝ። ጀልባዋ ተገልብጣለች። «ሙኒርን ባሕሩ አወጣው፣ እኛ ቀበርነው» አለኝ። አንተን ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው ብዬህ ኦቦክ ሄድኩ። ልጁ ከባሕሩ ዳር ትንሽ ራቅ ብሎ በድንጋይ የተከበቡ የአፈር ክምሮች ጋ ወሰደኝና አንዱን አሳየኝ። ስም የለበትም። ቤት ስገባ ከእርምጃዬ አውቀህ «ደከመሽ እንዴ ልጄ?» አልከኝ። ፀሐዩ ነው አልኩህ።

ሐኪሙ «የአባትሽ ልብ ድንጋጤ አይችልም» ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን የፈራሁት ለራሴ ነው። ቃሉ ከአፌ ከወጣ ሙኒር የሚሞት መሰለኝ። ስለዚህ ሳዑዲ ገብቷል አልኩህ። ቴምር መጋዘን ሥራ አገኘ፤ አሠሪው ስልኩን ይዞበታል፤ በሰው ሰላም ብሎሃል። በየሳምንቱ አዲስ ነገር እጨምር ነበር፤ አንተም «አልሐምዱሊላህ» ትላለህ።

ከዚያ የድሬ ዳዋ አብሮ አደግህ ጋሽ ኢድሪስ የድሮ ፊልም የሞላበት ፍላሽ አመጣልህ። የማላውቀውን አንዱን የህንድ ፊልም ከፈትኩ። ዓሣ አጥማጅ አባት አለ፤ ልጁ ባሕር ይወጣል፤ በመጨረሻ ጀልባው ባዶውን ይመለሳል። እዚያ ስደርስ መጨረሻውን ቀየርኩት።

«ልጁ ከጀልባው ወረደ» አልኩህ። «አባቱ ሮጦ አቀፈው።»

«እናትየዋ ታዲያ ለምን እንዲህ ትጮኻለች?»

«ከደስታ ነው።»

«የአባትየው ፊት ምን ይመስላል?» አልከኝ ቀጥለህ። ሰውየው አሸዋው ላይ ተደፍቶ ነበር። «ደስ ብሎታል» አልኩህ።

«ጥሩ አድርገው ጨረሱት» ብለህ ለመነሳት እጅህን ዘረጋህልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሙኒር አንድም ጊዜ አልጠየቅከኝም። አመነኝ፣ ልቡ አረፈ ብዬ እፎይ አልኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንተም ሄድክ።

በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ጋሽ ኢድሪስ ወደ ጓዳ ጠራኝ። «ያንን ፊልም በወጣትነታችን ድሬ ዳዋ ደጋግመን አይተነዋል። የፊልሙ ልጅ እንደሚሞት አባትሽ ያውቃል፤ መጨረሻውን ስትቀይሪበት የሙኒር ነገር ገባው። በነጋታው አስጠራኝና መስጊድ ውሰደኝ አለኝ፤ ለሙኒር ሬሳው በሌለበት የጀናዛውን ሰላት ሰገድንለት። ለፈቲያ እንዳትነግራት፣ የማላውቅ መስሏት ትረፍ አለኝ» አለኝ።

ተናደድኩብህ፣ አባዬ። አልዋሽህም። እኔ ሻወር ቤት ውሃውን ከፍቼ አፌን በፎጣ አፍኜ ሳለቅስ፣ አንተ ከግድግዳው ወዲያ ፍራሽህ ላይ ለዚያው ልጅ ታለቅስ ነበር። አንድ ክፍል ሞልቶ የተረፈ ሐዘን ለየብቻችን ተሸከምን። አንድ ቃል ብቻ ብናገር ኖሮ ቢያንስ ተቃቅፈን እናለቅስ ነበር። ይህን አጥፍቻለሁ፤ የሚመልስልኝም የለም።

ድሬ ዳዋ ያለችው እህትህ፣ አክስቴ ዘይነብ፣ ስትደውል ለእሷም ያንኑ የሳዑዲውን ወሬ ስነግራት ኖሬያለሁ። «ሙኒር ለአባቱ ሞት እንኳ አይደውልም?» እያለች ታዝንበት ነበር። ልጁ በሌለበት ሰው ተቀየመው። ትናንት ከሥራ መልስ ደወልኩላትና ሁሉንም ነገርኳት፤ የጀልባዋን፣ የኦቦኩን፣ የአንተን ሰላት። ጮኸች። ስልኩን አልዘጋሁም። እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ ካርዱ እስኪያልቅ አለቀስን።

በመጪው ሳምንት ከጋሽ ኢድሪስ ጋር ኦቦክ እንሄዳለን፤ መቃብሩ ላይ ስሙንና የአንተን ስም የያዘ ድንጋይ እናቆማለን፤ ሙኒር የማን ልጅ እንደነበር በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ያንብበው። ስለ እናንተ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ እስካለሁ ድረስ፣ እንደሆነው እነግረዋለሁ።

ልጅህ ፈቲያ