መርዶ የመሰለች ዜማ

ጥቅምት 29
ሰሊጥ እየገባ ነው። የሱዳኗ ገዳሪፍ አቧራ በአቧራ ሆናለች። ሰሊጥ ሲሸጥ ሰርግ ይበዛል፣ ሰርግ ሲበዛ እኔ እበላለሁ። ተመስገን።

ማታ ከሉጥፊ ባንድ ጋር ሐፍላ፣ የሰርግ ጭፈራ ላይ፣ ነበርን። ዘፋኙ ውሃ ሲጠጣ አዲሷን ድርሰቴን በቫዮሊኔ ትንሽ ሞከርኳት። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ፣ “ያ ዙል፣ ከመንጃህ ተበላሸች እንዴ?” አለኝ፤ ቫዮሊኔን ማለቱ ነው። ሉጥፊ በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅሁ... ምን ላድርግ?

ኅዳር 6
ሳጠና ጎረቤቴ ጋረደው በአጥሩ ብቅ አለ። የሎሪ ሾፌር ነው፣ አፉ አያርፍም።

“አያ ክንፉ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?”

“ዘፋኝ የለውም።”

“ታዲያ ምን ይላል?”

ምን ልበለው? አዲስ አበባ ሙዚቃ ስማር መምህራችን ዘመናዊ ክላሲካል ጆሮን አዲስ ነገር ማስለመድ ነው ይሉን ነበር። ሌላ አገር አዳራሽ አለው፤ ሰው ቲኬት ቆርጦ፣ ትንፋሹን ውጦ ይሰማል። እዚህ ማን ይፈልገዋል? ሁሉም ዘፈኑን በስልኩ ይዞ በሚዞርበት ዘመን?

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ፊት፣ እስከ መጨረሻ ብጫወታት... ሌላ አልመኝም።

ብፅአት ሳጉረመርም ሰማችኝ መሰለኝ። “የማርያም ማኅበራችን ተራ የእትዬ ሙሉዬ ነው። እዚያ ተጫወታት” አለች። ይህች ሚስት ባትኖረኝ ቫዮሊኑን ድሮ ሸጬው ነበር።

ኅዳር 21
ጉድ ሆንኩ!

የማርያም ጽዋ፣ እትዬ ሙሉዬ ቤት። ጸሎቱ አለቀ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ብፅአት በዐይኗ ጠቀሰችኝ። ተነሳሁ። ዜማዬ በአንድ ረጅም ድምፅ ነው የምትጀምረው፣ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተት። ከዚያ ሁለት የማይዋደዱ ድምፆች አንድ ላይ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰሙኝ ብዬ ልቤ ሞቀ።

ለካ ሌላ ነገር ኖሯል። አንዷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሌላዋ እሷን አይታ አዘቀዘቀች። እዚህ ከአገር ቤት መርዶ ሲመጣ ሰበብ ፈልጎ ሰው ሰብስቦ ነው የሚነገረው... መርዶ መጣ ብለው ነው! እትዬ ሙሉዬ ብድግ አሉ።

“ንገሩኝ! ወንድሜ ነው? ወንድሜ ነው?”

ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። እኔ ቀስቴን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ብፅአት ትጮኻለች፦ “ኧረ ማንም አልሞተም! ሙዚቃ ነው! ክንፉ የደረሰው ነው!”

ከዚያማ ሳቅ። ጋረደው ሆዱን ይዞ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እኔ ቫዮሊኔን ወደ ሳጥኑ... መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ።

እትዬ ሙሉዬ ግን አልሳቁም። እንባቸውን ጠረጉና፣

“ወዴት ነው? ወንድሜ በጦርነቱ ጊዜ እንደወጣ ቀረ። መርዶው እንኳ አልመጣልኝ፣ አላለቀስኩለትም። አስጀምረህ አትተወኝም። ጨርሳት።”

ጨረስኳት። እሳቸው እያለቀሱ፣ ሌላው ጭጭ ብሎ። ስልክ እንኳ አልጮኸ።

ኅዳር 22
ተሰማች። ተመስገን። ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ጥር 5
ወሬው ሉጥፊ ጋ ደርሷል። “ያቺን ነገር ሰርግ ላይ እንዳታመጣት፣ ኸላስ፣ በቃ!” አለኝ እየሳቀ። እውነቱን ነው። ሁሉም ቦታ አለው። የዜማዬስ የት ነው?

ጥር 17
የጋረደው እናት ጭልጋ አርፈዋል። መርዶው ትናንት ማለዳ ተነገረው። አላለቀሰም። ያ ተጫዋች ሰው መሬት መሬቱን ያያል፣ እህል አይቀምስ። ሴቶቹ ቢያለቃቅሱለትም ምንም።

ዛሬ እትዬ ሙሉዬ ደጄ ላይ ቆሙ። “ክንፉ፣ ያቺን ዜማህን ይዘህ ና።”

“ለቅሶ ቤት ቫዮሊን? ሰው ምን ይላል?”

“ሰው ማለት እኛው ነን። ተነስ።”

ድንኳኑ ውስጥ ጀመርኩ። ያ ረጅም ድምፅ... ጋረደው ቀና አለ። አየኝ። “እማዬ!” አለ። ከዚያ የዓመታት እንባ ወረደ። እኔም እያለቀስኩ ተጫወትኩ። ሲወጣለት ውሃ ስጡኝ አለ።

ልሄድ ስነሳ እጄን ያዘ።

“አያ ክንፉ... ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው ስልህ... ለካ ዜማዋ እኔን ነው የምትጠብቀው።”

ቫዮሊኑን ይዤ አልተመለስኩም። እስከ ሠልስቱ እዚሁ ይደር አሉ እትዬ ሙሉዬ።